ዋና ከተማዋ በተቀበረች ደሴት፦ የሞንትሰራት ማስታወሻ

ካሪቢያን ባሕር ላይ ካለችው አንቲጓ ወደ ጎረቤቷ ደሴት ሞንትሰራት የምትበረው አውሮፕላን ዘጠኝ ያህል መንገደኛ ትይዛለች። በረራው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ከመሳፈር በፊት ሰውም ሻንጣም ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ክብደቱ ሲበዛ ሰው ይሄዳል፣ ዕቃ ይቀራል። የእኔ ትልቁ ሻንጣ ቀረ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ጀበናውና ቡናው በሙሉ እሱ ውስጥ ነበር። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ "ነገ ይደርሳል" አለችኝ። የደረሰው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያን ሳምንት ሙሉ በደወልኩ ቁጥር የምሰማው መልስ ያው "ነገ" ነበር። መዘግየቱን እረዳለሁ፤ ትንሽ አውሮፕላን የምትሸከመው የምትችለውን ብቻ ነው። ያናደደኝ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ማጣቴ ነው።

ሁለተኛው ብስጭት በዚያው ቀን ተከተለ። ከአየር ማረፊያው ኦልቨስተን እስከሚባለው ሰፈር ያደረሰኝ ባለ ታክሲ ስልሳ የአሜሪካ ዶላር ጠየቀኝ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ አቀበትና ቁልቁለቱም አያልቅም፤ ቢሆንም ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለአከራዬ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ስልሳው ልክ ነው፤ ግን በምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ነው አሉኝ። ይህ ገንዘብ ከ1976 ጀምሮ (ቀኑንም ዓመቱንም ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.70 ሒሳብ ሲመነዘር የኖረ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ከእጥፍ በላይ ወስዶብኛል ማለት ነው። አከራዬ ስልክ አነሡ። ቋንቋው እንግሊዝኛ ቢሆንም ቁጣው የማውቀው የእናት ቁጣ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ባለ ታክሲው ትርፉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ አንድ ከረጢት ፓፓያም ጨምሮበታል። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ መኪናውን አቁሞ በነፃ ያደርሰኛል። ከአምስት ሺሕ ያነሰ ሰው በሚኖርበት ደሴት ሰው አታልሎ መደበቂያ የለም።

የመጣሁት ለሽርሽር አይደለም። ሜሪላንድ ላለ ድርጅት ሒሳብ እሠራለሁ፤ ከ2020 ወዲህ ቢሮ መግባት ቀርቶልኛል። ሞንትሰራት የእንግሊዝ የባሕር ማዶ ግዛት ስትሆን በ2021 ከርቀት ለሚሠሩ ሰዎች የአንድ ዓመት ፈቃድ መስጠት ጀምራለች። በዓመት ቢያንስ 70,000 የአሜሪካ ዶላር ገቢ፣ የጤና መድንና ከደሴቲቱ ውጭ ያለ አሠሪ ያስፈልጋል፤ ክፍያው ለአንድ ሰው 500 ዶላር ነው። ባርቤዶስ በ2020 ላወጣችው ተመሳሳይ ፈቃድ 50,000 ዶላር ገቢ ይበቃል፣ ክፍያው ግን 2,000 ነው። ጓደኞቼ ሁሉም ነገር የሚገኘው ባርቤዶስ ነው ብለው መክረውኝ ነበር። እኔ ሁሉም ነገር ያለበትን አገር ለጥቂት ጊዜ ለመተው ነበር የተነሣሁት።

ቤቱ ጥሩ ነው። አንድ መኝታ ክፍል፣ ወደ ባሕር የሚያይ ሰፊ በረንዳ፣ ከተራራው ምንጭ የሚመጣ ጣፋጭ ውኃ። ኪራዩ ከሜሪላንዱ ግማሽ አይሞላም፤ ይህን ግን ገበያው ያካክሰዋል። ከጥቂት አትክልትና ዓሣ በቀር ሁሉም በመርከብ ስለሚመጣ አንድ ራስ ሰላጣ ገዝቼ የከፈልኩትን ለእናቴ መንገር አልፈለግሁም። ኢንተርኔቱም በማስታወቂያ የተነገረኝን ያህል አልነበረም። በ2020 ከባሕር ሥር የተዘረጋ ፈጣን ገመድ ደሴቲቱን ከዓለም አገናኝቷታል፤ እኔ የተከራየሁት ቤት ግን ገና በአሮጌው መስመር ላይ ነው።

ይህ የታወቀኝ በየካቲት መጨረሻ፣ የወሩ ሒሳብ በሚዘጋበት ሌሊት ነው። ከምሽቱ ጀምሮ ዝናብ ይወርዳል። የዛፍ እንቁራሪቶቹ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል፤ ጥፍር የሚያህሉ ፍጥረታት እንዲህ መጮኻቸውን አሁንም አልለመድኩትም። አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የኮምፒውተሩ ባትሪ ሲያልቅ፣ ስልኬም ምልክት ሲያጣ፣ አሠሪዬ በማግሥቱ ጠዋት የሚጠብቀው ሪፖርት ግማሹ ብቻ ተሠርቶ ነበር። አዲስ አበባ ያደግሁ ሰው ነኝና መብራት መጥፋቱ አያስደነግጠኝም፤ እዚያ ግን ሻማ ይዤ የምሄድበት ጎረቤት ነበረኝ። እዚህ ማን አለኝ ብዬ ስተክዝ በሩ ተንኳኳ። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የዝናብ ልብስ ለብሰው፣ ባትሪ ይዘው መጡ። በዋለው ቀን በረንዳ ላይ ስሠራ አይተውኝ ኖሯል። "ሥራሽን ጨርሰሻል?" ብለው ጠየቁኝ። አልጨረስኩም። ቤታቸው ጄኔሬተር አለ፣ ፈጣኑ መስመርም ገብቶላቸዋል። የምግብ ጠረጴዛቸውን ለቀቁልኝ፣ ሻይ አፈሉልኝ፣ ሪፖርቱን ልኬ እስክነሣ ድረስም አልተኙም። ከዚያ ሌሊት በፊት የተነጋገርነው ሰላምታ ብቻ ነበር።

ሰላምታው ራሱ ግን እዚህ ቀላል ነገር አይደለም። አውቶቡስ የሚሳፈር፣ ሱቅ የሚገባ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ የሚይዝ ሁሉ መጀመሪያ ለተቀመጠው ሰው በሙሉ እንደምን አደራችሁ ይላል፤ የተቀመጠውም በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ለዓመታት በአንድ አሳንሰር ወጥቼ ወርጃለሁ፤ ድምፁን አላውቀውም።

ስለ ተራራው ሳልናገር ስለ ሞንትሰራት መናገር አይቻልም። የሱፍሪየር ሂልስ እሳተ ገሞራ ለዘመናት ተኝቶ ከቆየ በኋላ ሐምሌ 18 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ተነሣ። ሰኔ 25 ቀን 1997 የወረደው የጋለ ዐመድና ድንጋይ አሥራ ዘጠኝ ሰዎችን ገደለ፤ በዚያው ክረምት ዋና ከተማዋ ፕሊሙዝ ተቀበረች። ከዚያ በፊት ከአሥር ሺሕ በላይ ሕዝብ ነበራት፤ አብዛኛው ወደ እንግሊዝና ወደ ጎረቤት ደሴቶች ተሰደደ። የቀሩት ወደ ሰሜን ሄደው ቤትን፣ ትምህርት ቤትንና ሆስፒታልን እንደገና ከምንም ጀመሩ። የደሴቲቱ ደቡብ ዛሬም የተከለከለ ነው። የአከራዬ ልጆች እንግሊዝ ናቸው። እሳቸው ለምን እንዳልሄዱ ስጠይቃቸው "ሁላችንም ከሄድንማ የሚመለሱት ወዴት ነው?" አሉኝ።

በየቀኑ ልክ በስድስት ሰዓት፣ በእኩለ ቀን፣ የማስጠንቀቂያው ሳይረን ለሙከራ ይጮኻል። ስብሰባ ላይ ሆኜ ሲጮኽ የሜሪላንድ ባልደረቦቼ ይደነግጣሉ፤ እኔ አሁን ምሳዬን የማስበው በሱ ነው። የእሳተ ገሞራው መከታተያ ተቋም ደግሞ በየሳምንቱ ስንት የመሬት ንዝረት እንደተመዘገበ፣ ምን ያህል ጋዝ እንደወጣ የሚገልጽ ሪፖርት ያወጣል። አከራዬ ያን በሬዲዮ ሲያዳምጡ ቤቱ ውስጥ ማንም አይናገርም።

በዚያው የካቲት እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። የምትኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በፈንታሌ ዙሪያ የመሬት መንቀጥቀጡ የበረታበት፣ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአዋሽና ከመተሐራ አካባቢ የተፈናቀሉበት ሰሞን ነበር። "ልጄ፣ ዛሬም አልጋው ተወዛወዘ፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ደጅ አደሩ" አለችኝ። ምን እንደሚመጣ የነገራት ሰው እንዳለ ስጠይቃት፣ የሰማችው ሁሉ ከስልክ ወደ ስልክ የተላለፈ ወሬ ነው፤ አንዱ ከተማው ዛሬ ሌሊት ይሰምጣል ይላል፣ አንዱ ምንም የለም ይላል። በዚያ ሰዓት እኔ በእሳተ ገሞራ ሥር፣ ከእርሷ ይልቅ ተረጋግቼ ተቀምጫለሁ። የተረጋጋሁት እንዲያው አይደለም፤ በየሳምንቱ ቁጥሩን በግልጽ የሚነግረኝ ተቋም፣ የሚሠራ ሳይረንና የሚታመን ሬዲዮ ስላለ ነው። አምስት ሺሕ የማይሞላ ሕዝብ ይህን ለራሱ ካቆመ፣ የመተሐራ ሰውም የአዲስ አበባ ሰውም ከዚህ ያነሰ አይገባውም። ያን ዕለት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ሁሉም በመርከብ በሚመጣበት አገር መጾም ይከብደኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሳሌም በሚባለው መንደር መንገድ ዳር አትክልት የሚሸጥ አንድ ራስታ ግን ጭንቀቴን አቀለለልኝ። እነርሱም በልማዳቸው ሥጋ አይበሉም፤ ስለዚህ ወተትና እንቁላል እንደማልፈልግ ስነግረው ማብራራት አላስፈለገኝም። ከኢትዮጵያ መሆኔን ሲያውቅ ባርኔጣውን አነሣ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1966 ጃማይካ የገቡበትን ቀን፣ ሚያዝያ 21ን፣ ያውቃል፤ እኔ ደግሞ ስለ ላሊበላ የጠየቀኝን በምችለው መለስኩለት። ዱባውን፣ የዳቦ ፍሬ የሚሉትን የዛፍ ፍሬና ጎደሬ የሚመስለውን ሥራሥር የምሠራው በእሱ ምክር ነው። ዱባ ወጥ በበርበሬ ሠርቼ ስወስድለት ድስቱን ባዶ አድርጎ መለሰ። በሽሮ ዱቄትና በኮኮናት ወተት የሞከርኩትም አሁን የዘወትር ምሳዬ ነው።

መጋቢት 17 የቅዱስ ፓትሪክ ቀን ሕዝባዊ በዓል ነው። ብዙ ሰው የአየርላንድ ሰፋሪዎችን መታሰቢያ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ለደሴቲቱ ሰዎች ግን በ1768 በዚያው ቀን ባርነትን ጥለው ሊነሡ አስበው፣ ምስጢሩ ወጥቶባቸው መሪዎቻቸው የተገደሉባቸው አባቶች ቀን ነው። ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካና ከአንቲጓ የሄዱት ሁሉ ተመለሱ፤ አውሮፕላን ቦታ ጠፋ፤ የአከራዬ ቤት በልጅ ልጅ ተሞላ። በየመንገዱ በትላልቅ ድስት የሚፈላው የፍየል ሾርባቸው ሽታ ግን ፈተና ሆነብኝ። አከራዬ ሳህን ይዘው መጡ፤ ጾም መሆኔን ስነግራቸው ሳይከፉ "እንግዲያው ለፋሲካ እሠራልሻለሁ" አሉኝ። በዚያ ዓመት የእነርሱም የእኛም ፋሲካ በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 20 ላይ ዋለ። ቃላቸውን ጠበቁ። ከነርሷና ከባለ ታክሲው ጋር በረንዳው ላይ ፈሰክን። ከቅርንፉድና ከቲማቲም ጋር ለሰዓታት የተቀቀለ የፍየል ሥጋ ነው፤ እኔም ቡና አፈላሁ፤ ነርሷ ሦስተኛውን ስኒ ጠጥተው እንቅልፍ እንዳያሳጣቸው ጠየቁኝ፤ ያሳጣል አልኳቸው።

ፕሊሙዝን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ያለ ፈቃድና ያለ ሕጋዊ አስጎብኚ አይገባም። ከቤልሃም ሸለቆ በታች አንድ ድልድይ አለ ተብሎ ተነገረኝ፤ የሚታየው ደረቅ ደለል ብቻ ነው፣ ድልድዩ ከሥሩ ነው። ከተማዋ ውስጥ ከአንዳንድ ሕንፃ የቀረው የላይኛው ፎቅ ብቻ ነው፤ ሰው የሚራመደው ሁለተኛ ፎቅ በነበረው ከፍታ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ የያዘኝ ከከተማው ውጭ ኮረብታ ላይ ያለ የተተወ ሆቴል ነው። እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶች በዐመድ ተሸፍነው ቀርተዋል። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ዓይኔ የሄደው ወደ እነርሱ ነው። አንድ ሰው መዝገቡን ሳይዘጋ ተነሥቶ ሄዷል። አስጎብኚው የት ትምህርት ቤት እንደተማረ፣ የእናቱ ሱቅ የት እንደነበረ በእጁ እያመለከተ አሳየኝ፤ የሚያመለክተው ሁሉ መሬት ነበር።

ያ ተራራ ለጥቅም ሊውል ይችል ነበር። በ2013 ለእንፋሎት ኃይል ሁለት ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ ሙቀቱም ተገኝቷል፤ ደሴቲቱ ግን ዛሬም በአብዛኛው የምትበራው በመርከብ በሚመጣ ናፍጣ ነው። ይህን ስሰማ የእኛን የእንፋሎት ኃይል ጣቢያ፣ አሉቶ ላንጋኖን አሰብኩ። ከሥሩ እሳት እያለው በሚገባ ሳይጠቀምበት የሚኖር ሰው እዚህም እኛም ዘንድ ያሳዝነኛል።

መምጣት ለሚያስብ ሰው የምለው ጥቂት ነው። አሜሪካ ብርድ በሆነበት ወራት የደሴቲቱ ሰዓት ከሜሪላንድ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ እስከ መጋቢት ድረስ ሥራ የምጀምረው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስለነበር በፊቱ እዋኝ ነበር፤ አሜሪካ ሰዓቷን ስትቀይር ያ ጥቅም ይቀራል። አሸዋው አብዛኛው ጥቁር ነው፤ ማታም መዝናኛ አይፈለግ። ቤት ከመከራየት በፊት መስመሩ አዲሱ ገመድ መሆኑን ባለቤቱን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቁ። መድኃኒታችሁን በእጅ ሻንጣ ያዙ።

የኪራይ ውሌን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አራዝሜያለሁ። ከሰኔ ጀምሮ የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ አከራዬ የመስኮት መዝጊያዎቹን እያስጠገኑ ነው፤ አዲሱንም መስመር ሊያስገቡልኝ ተስማምተዋል። ቴክኒሻኑ ሐሙስ ይመጣል፤ የግንቦት ሒሳብ የሚዘጋው በማግሥቱ ነው።