የአምስት ወር ልጅ አዝዬ ድሬዳዋና ሐረር

ልጃችንን ለባለቤቴ አክስት ለማሳየት በግንቦት ወደ ድሬዳዋ እንደምንሄድ ስንናገር፣ ከዘመድም ከጎረቤትም የሰማነው አንድ ቃል ነበር፤ «በዚያ ሙቀት? ያውም ጨቅላ ይዛችሁ?» ልጅቱ ገና 5 ወሯ ነው። አክስታችን ግን ጉልበታቸው ደክሞ አዲስ አበባ መምጣት ካቆሙ ቆይተዋልና መሄድ የነበረብን እኛ ነን።

በአውሮፕላን መንገዱ የአንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ በእሱ ላይ ብዙ የምለው የለም። ስሕተቴን ግን ልናገር፤ አውሮፕላኑ ሲነሣ እስክትጠግብ አጠባኋትና ተኛች፤ መውረድ ሲጀምር ጆሮዋን እንዳያማት ጡት ብሰጣት አሻፈረኝ አለች። መዋጥ በጆሮ ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚያስተካክል ጡቱ በይበልጥ የሚያስፈልገው ሲወርድ ነበር። ስለዚህ ድሬዳዋ የገባነው እሪታዋን እያሰማን ነው። በመልሱ ጉዞ ሲነሣ ጥቂት ብቻ ቀምሳ ዋናውን ለማረፊያው አቆየሁላት፤ ድምፅዋ አልተሰማም።

አክስታችን ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። «እንደምን ከረሙ?» ብላቸው ከኋላቸው ሰው ያለ ይመስል ዞር ብለው አዩና፣ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው? እኔ ብቻዬን ነኝ አቦ!» አሉኝ። ድሬዳዋ አንቱታ ብዙም ያልሠለጠነባት ከተማ መሆኗን ባውቅም አፌ እሺ አላለኝም፤ እዚህም ስጽፍ አንቱታውን አልተውኩትም። ልጅቱን ከእቅፌ ወስደው ግንባሯን በመዳፋቸው ዳሰሱና ወዲያው ፈረዱ፤ «ይህቺ ልጅ ጠምቷታል፤ አንድ ማንኪያ ውሃ ስጫት።»

ይህ ክርክር እስክንመለስ ድረስ አላቋረጠም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ በቂ እንደሆነ፣ በሙቀት አገርም ቢሆን ሕፃኑ ውሃውን ከወተቱ እንደሚያገኝ፣ ከወተቱ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ውሃ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ውሃ ትንሿን ሆዷን ሞልቶ ጡት እንደሚያስተዋትና ንጹሕ ካልሆነም ተቅማጥ እንደሚያመጣ ጨመርኩ። «እኔ ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ» አሉኝ፤ ለዚህ መልስ የለኝም። በመጨረሻ የተስማማነው በዳይፐር ነው። በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ካረጠበችና ሽንቷ ካልጠቆረ አልተጠማችም ማለት ስለሆነ፣ ማታ ማታ የቀኑን ቁጥር እነግራቸው ጀመር። እሳቸውም ባይረኩ አንድ ጆግ ውሃ አጠገቤ እያስቀመጡ፣ «እንግዲያስ አንቺ ጠጪላት» ይሉኝ ነበር፤ ትክክልም ነበሩ፤ በቀን ጡት የምትጠይቅበት ጊዜ ከአዲስ አበባው በእጅጉ ጨምሮ ነበርና።

የፈራሁት የቀን ሙቀት ግን እንደጠበቅሁት አላስቸገረኝም፤ ምክንያቱም የድሬዳዋ ቀን ራሱ እንደ ሕፃን ቀን ነው። ከተማው ማልዶ ይነሣል፤ ቀትር ላይ ሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ ሰው ወደ ጥላ ይገባል፤ ፀሐይ ስትበርድ ደግሞ ሁሉም እንደገና ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ ልጅቱን ቀን ለማስተኛት ከስልክና ከእንግዳ ጋር የምታገለው እኔ፣ እዚህ አገሩ ሁሉ አብሯት ሲተኛ አየሁ። ከአንድ ስስ ካናቴራ በቀር አላለበስኳትም፤ ቬንትሌተሩንም ፊቷ ላይ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አዞርነው።

አጎበር ግን በቀንም አልተለያትም። በ2006 ዓ.ም. ከተማዋ ውስጥ የዴንጌ ትኩሳት ተከስቶ ነበር፤ ያንን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነድፈው በቀን ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በበጋ ወራት የወባ ወረርሽኝ ያስነሣችው፣ ከተሜ የሆነችውና በተጠራቀመ የቤት ውሃ ውስጥ የምትራባው ለአገሩ አዲስ የሆነች ትንኝ ነበረች። በአክስታችን ግቢ ያሉት ሁለት በርሜሎች ክዳናቸው ድንጋይ የተጫነበት ለዚህ መሆኑን የሰማሁት ከሳቸው ነው።

አመሻሽ ላይ ጋሪዋን እየገፋን ከዚራ እንወጣ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ከደረሰው ባቡር ጋር የተቆረቆረው ይህ ሰፈር ቀጥ ያለ መንገድና የዛፍ ጥላ ስላለው ለሕፃን ጋሪ የተሠራ ይመስላል። ችግሩ መንገዱ ሳይሆን ሰዉ ነው፤ በየአሥር እርምጃው አንዱ ያስቆመንና ጉንጯን ነክቶ ስሟን ይጠይቃል፤ አንዲት ሻይ ሻጭማ ሳታስፈቅደኝ አንሥታ አቅፋት ደንበኞቿን ታስተናግድ ነበር።

በአራተኛው ቀን ወደ ሐረር ወጣን። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የደንገጎን ተራራ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ከ1,200 ሜትር ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል፤ ስለዚህ እንደገና ጡት፣ ከላይም ሹራብ። የተከራየነው መኪና የኋላ ቀበቶው ተቆርጦ ነበርና፣ ሹፌሩ «እኔ በቀስታ ነው የምነዳው» ቢለኝም ሌላ መኪና እስኪመጣ አንድ ሰዓት ጠበቅን። የሕፃን መቀመጫ ያለው መኪና ማግኘት ስላልቻልን እንጂ፣ ልጅ ታቅፎ በዚያ ጠመዝማዛ መሄዱን ለማንም አልመክርም።

ከዚራ ላይ የኮራሁበት ጋሪ ጀጎል በር ላይ ዋጋ አጣ። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በግንብ የታጠረው ከተማ ውስጥ ድንጋይ የተነጠፈባቸው ጠባብ መንገዶች ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የማይተላለፍባቸውም አሉ። ባለቤቴ ጋሪውን አጥፎ ተሸከመ፤ እኔ ልጅቱን አዘልኳት።

ያረፍንበት የሐረሪ ቤት መሬቱ በቀይ አፈር የተቀባ፣ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች) ምንጣፍና ትራስ የለበሱ ነበር። ልጅቱ በጀርባዋ ተንጋልላ ግድግዳውን የሞሉትን ስፌቶችና ባለቀለም ሳህኖች ዓይኗን ሳትነቅል ትመለከት ነበር፤ እንዲህ ረጅም ጊዜ ዝም ያለችበትን ቀን አላስታውስም። ነገር ግን መገላበጥ የጀመረችው በዚያው ሳምንት ስለሆነ ከነደባው ጠርዝ ላይ ልትወድቅ ስትል የቤቱ እመቤት ቀድማኝ ያዘቻት። ከዚያ ወዲያ የምትተኛው ዝቅተኛው ነደባ ላይ፣ በትራስ ታጥራ ሆነ።

ጅብ ሲመገብ ለማየት ባለቤቴ ብቻውን ወጣ፤ እኔ ቀረሁ። ሌሊት ከግንቡ ውጭ ሲጮኹ ልጅቱ ነቃች፤ ጠባችና ተኛች፤ ዓይኔን ሳልከድን ያደርኩት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ድሬዳዋ ስንመለስ አክስታችን በሩን ከፍተው ልጅቱን ከጀርባዬ እያወረዱ፣ «ስንት ዳይፐር?» አሉኝ።