ፕሮግራሙ ይቋረጥ!

ዛሬ ማታ እዚህ ዳላስ ቴሌቪዥኑ የቶርኔዶ (የሚሽከረከር ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ማስጠንቀቂያ ወጥቶ የጀመርነውን ድራማ አቋርጦ ወደ አየር ሁኔታ ባለሙያው ዞረ። ሰውየው ራዳሩ ላይ ሰፈር በሰፈር፣ መንገድ በመንገድ እየጠራ «ከመስኮት ራቁ፣ ምድር ቤት ወዳለ የውስጥ ክፍል ግቡ» ይላል። ልጆቹን ይዘን መታጠቢያ ቤት ገባን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ጋ በንፋስና በበረዶ ብቻ አለፈ።

ስልኬን ስከፍት ግን «ድራማው ተቋረጠብን» የሚለው ምሬት ብዛቱ! እባካችሁ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2019 እዚሁ ከተማ አንድ ጣቢያ የካውቦይስን (የከተማውን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን) ጨዋታ ላለማቋረጥ ብሎ የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያውን 6 ደቂቃ ያህል አዘግይቶ በማግስቱ ሕዝቡን ይቅርታ ጠይቋል። ያን ምሽት ሰው አለመሞቱ ለእኔ ተአምር ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2015 ግን ዳላስ አጠገብ ባሉት ጋርላንድና ሮውሌት ከተሞች በቶርኔዶ 10 ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ነበሩ።

እንግሊዝኛ የማይችሉ እናትና አባት ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቴሌቪዥኑ በሚያሳየው የማስጠንቀቂያ ካርታ ላይ የምትኖሩበትን ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር ክልል) አሳዩአቸው፤ የት ክፍል እንደሚገቡም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ማታ ኡበር የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፣ ስልካችሁ ላይ ያለውን የአደጋ ማስጠንቀቂያ አታጥፉት።