ከድራሙ ማይክ አልወጣ ያለው ጊታር

የባንዱ ልጆች ወደ እኛ ስቱዲዮ ሲመጡ ተናደው ነበር። ሌላ ቦታ የአልበሙን ግማሽ ቀርጸው ጨርሰዋል። እዚያ ድራመሩ በክሊክ፣ ማለትም ፍጥነቱን በሚቆጥርለት የማሽን ምት፣ ብቻውን መታ። ቤዙ ተከተለ፣ ጊታሩ በሌላ ቀን ገባ። ድምፃዊው መጨረሻ ላይ ለብቻው ዘፈነ። የተቀረጸውን አሰሙኝ። ንጹሕ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ግን መድረክ ላይ ያየኋቸው ልጆች እዚያ ውስጥ የሉም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይህ ባንድ ኮረስ (አዝማች) ላይ ሲደርስ ጊታሪስቱ ወደፊት ይገፋል። ድራመሩ ያየውና አብሮት ይፈጥናል። ሕዝቡ የሚያብደው እዚያ ላይ ነው። ክሊክ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፣ ማንንም አይከተልም።

ዘ ስትሮክስ የሚባለውን የኒውዮርክ የሮክ ባንድ የገጠመውን ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ አልበማቸው ከፕሮዲውሰሩ ጊል ኖርተን ጋር የሞከሩትን ቀረጻ ሲሰሙት በጣም የጸዳ ሆነባቸው፣ ተዉት። ኒውዮርክ ኢስት ቪሌጅ ውስጥ ምድር ቤት ወደሚሠራው ፕሮዲውሰር ጎርደን ራፋኤል ተመለሱና በ2001 እ.ኤ.አ. አልበሙን አወጡ። የድምፃዊያቸው የጁሊያን ካዛብላንካስ ድምፅ የተቀረጸው በትንሽ የፒቪ መለማመጃ አምፕ (የድምፅ ማጉያ) በኩል ነው። ያ ሻካራ ድምፅ ገና ሲዘፍን እንደዚያ እንዲሆን ተወስኖበታል። ይህ ዓይነት ድፍረት ደስ ይለኛል። ዘ ኋይት ስትራይፕስ የሚባሉት ሮከሮችም በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጡትን አልበም የቀረጹት ለንደን ቶ ራግ ስቱዲዮ፣ ባለ 8 ትራክ፣ ማለትም 8 ድምፅ ብቻ ለየብቻው በሚይዝ የቴፕ ማሽን ላይ ነው። ትራኩ 8 ብቻ ሲሆን “በኋላ እናየዋለን” የሚባል ነገር ብዙ አይኖርም።

ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ አስገባኋቸው። “ልምምድ ላይ እንደምትቆሙት ቁሙ” አልኳቸው። ክሊክ የለም። ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የጊታሩ አምፕ 6 ሜትር ከራቀ ድራመሩ ጋ 18 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል ማለት ነው። ለፈጣን ዘፈን ይህ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ አምፑን አቀረብነው። ድራሙ ላይ ማይክ አልደረደርኩም። አንድ ከላይ፣ አንድ ከጎን፣ አንድ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ላይ፣ በቃ። ለጊታሩ የመረጥኩት ፊገር ኤት የሚባለውን ማይክ ነው። ከፊትና ከኋላ ይሰማል፣ በጎኑ ግን የሚሰማው በጣም ጥቂት ነው። ጎኑን ወደ ድራሙ አዞርኩት። ድራሙ ወደ ጊታሩ ማይክ ብዙም አልገባም። ጊታሩ ወደ ድራሙ ማይኮች መግባቱ ግን አይቀርም፤ እንዲገባም ፈልጌ ነበር። ክፍሉ የሚሰማው በዚያ ነው።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነገር መጣ። ቅጂው እሳት ነበር። ግን ጊታሪስቱ መሃል ላይ አንድ ኮርድ ስቷል።

“እሷን ብቻ ልድገማት” አለ።

አልፈርድበትም፤ የለመደው እንደዚያ ነው። የጊታሩን ትራክ ዘግቼ ድራሙን ብቻ ከፈትኩለት። የሳተው ኮርድ ድራሙ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። አዲስ ቢጫወትበት አሮጌው ከሥር ሆኖ ይጣላዋል።

“ከዚያ ውስጥ ማውጣት አይቻልም?”

“ቢወጣም ሲምባሉን አበላሽቶ ነው። ወይ ሁላችሁም ድገሙት፣ ወይ እንዳለ ይቀመጥ።”

ድራመሩ ስቲኩን ወረወረ። “እኔ ያንን ምት ሁለተኛ አላገኘውም” አለ። ጊታሪስቱም ተቆጣ። ተጨቃጨቁ፣ ወጡ፣ ተመለሱ። ከዚያ ደገሙት። ኮርዱ ትክክል ሆነ፣ ዘፈኑ ግን ቀዘቀዘ። ለምን እንደሆነ ያወቀው እስከዚያ አንድ ቃል ያልተነፈሰው ቤዚስት ነው። “የመጀመሪያውን መልሰህ አሰማን” አለኝ።

አሰማኋቸው። ጊታሪስቱ ኮርዱን ሲስት ድራመሩ ወዲያው ሰምቶታል። ባላሰበው ቦታ ላይ አንድ ኃይለኛ ፊል (ክፍተት የሚሞላ አጭር የድራም ምት) መትቶ ወደ ኮረሱ መለሰው። ሁላችንም ስንወደው የነበረው ያ ፊል ነው። ስህተቱ ባይኖር እሱም አይኖርም ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. ዘ ኪንግስመን የሚባለው የአሜሪካ ባንድ “ሉዊ ሉዊ” የተባለውን ዘፈን ሲቀርጽም ድምፃዊው ከሶሎው በኋላ ቀድሞ ገባ። ድራመሩ ፊል መትቶ ክፍተቱን ሸፈነለት፤ እንዳለ ወጣ። ጋራዥ ሮክ የሚሉት ሻካራ፣ ያልተወለወለ የሮክ ዓይነት ሲወራ እስከ ዛሬ የሚነሳ ቅጂ ነው።

የአሳታሚው ሰው በኋላ መጥቶ ከድራሙ ስኔሩ (ጠንከር ብሎ የሚጮኸው ድራም) ብቻውን ከፍ እንዲል ጠየቀ። ከፍ ሳደርገው ጊታሩም አብሮ ከፍ አለ። ትንሽ ተከራከረና ተወው።

ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሉ ውስጥ “እሷን ብቻ” የሚል ጠፋ። ጊታሪስቱ ቅጂ ባለቀ ቁጥር በመስታወቱ ወደ እኔ ማየቱን ትቶ ወደ ድራመሩ ማየት ጀመረ። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ከማየው ነገር ሁሉ ይህን የሚያህል ደስ የሚለኝ የለም። አልበሙ ሲወጣ ብዙ ሰው ያወቃቸው በዚያች በሦስተኛዋ ዘፈን ነው። አሁን መድረክ ላይ ያንን የተሳተ ኮርድ ሆን ብለው ይጫወቱታል።