እማዬን አላስካ ለመውሰድ ባሕር ዳር ሄድኩ

ሲያትል የሚኖር ሰው አላስካ የሚሄዱትን የሽርሽር መርከቦች ሳያይ በጋውን አያሳልፍም። ቅዳሜና እሁድ ወደቡ ላይ ተገትረው ይውላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ተነሥተው ይሄዳሉ። የሥራ ባልደረቦቼ ሄደው ይመጡና ፎቶ ያሳዩኛል። እኔ "ዋው" እያልኩ ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ ልሄድ ወሰንኩ፤ ከእማዬ ጋር።

እማዬ ግን ባሕር ዳር ናት። በስልክ እንጨርሰዋለን ብዬ ነበር። እሷ በስልክ ለሁሉም ነገር "እሺ ልጄ" ትላለች። እሺታዋ ደግሞ ታደርገዋለች ማለት አይደለም፤ የስልኩ ካርድ እንዳያልቅብኝ ነው። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ።

በረራውን አልተርክም። ረጅም ነው፣ እግር ያብጣል፣ ያልቃል። ከአዲስ አበባ በኋላ ድሮ ደስ የሚለኝ በመኪና መሄድ ነበር፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ መውጣት፣ ደብረ ማርቆስ ምሳ መብላት። አሁን መንገዱን የጠየቅኳቸው ሁሉ "በአየር ሂጂ" አሉኝ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሄድኩ።

ቤት ከቡሬ የመጡ ዘመዶች ሞልተውበት ስለነበር ለማደሪያ ሆቴል ያዝኩ። "ሐይቁን የሚያይ ክፍል" ተብሎ ጨምሬ ከፈልኩ። የሚያየው ጄኔሬተሩን ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ መስኮቴ ሥር ተነሣና እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲያጓራ ቆየ። አጎበሩ አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ ትንኟ ከእኔ ቀድማ አግኝታታለች። ወርጄ ክፍል ቀይሩልኝ ስል እንግዳ መቀበያ ያለው ልጅ "እትዬ፣ ሁሉም ያው ነው" አለኝ። በቅንነት ነው ያለው። እንዴት ልቆጣው?

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የመርከቡን የወለል ካርታ ስልኬ ላይ ከፍቼ ማየት ጀመርኩ። ያን ሌሊት ካርታውን በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። ከመዋኛ ገንዳው ሥር ያለ ክፍል ሌሊት ወንበር ሲጎተትበት ያድራል። ከፊት ጫፍ ያለው የመልሕቁን ሰንሰለት ይሰማል። ከጭፈራ ቤቱ በላይ ያለውን ተዉት። ዝቅ ካለ ወለል፣ መሐል ላይ፣ ከላይም ከታችም መኝታ ክፍሎች ያሉበት ነው የሚሻለው። መርከቡ ሲናወጥም ብዙ የማይንቀሳቀሰው እሱ ነው። ርካሹ ክፍል መስኮት የለውም፣ መካከለኛው መስኮት አለው፣ ውዱ በረንዳ አለው። እኔ ባየሁት መርከብ የበረንዳው ዋጋ የርካሹን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ወንድሜ "እማዬ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ማየት አለባት" ይላል። ከፋዩ እሱ አይደለም። መርከቡ ባሕሩ ዳር እንደ ግንብ የቆመው የበረዶ ግግር ፊት ሲደርስ ቆሞ ባለበት ስለሚዞር ሁሉም ሰው ከላይኛው ወለል ላይ ሆኖ ያያል። ባለ መስኮቱን ያዝኩ።

በማግሥቱ ቡና ላይ ጉባኤው ተጀመረ። የቡሬው አጎቴ ገና ከመጀመሪያው ስኒ ተቃወመ።

"በረዶ ለማየት ነው ይህ ሁሉ ዶላር? ሐምሌ ላይ ጮቄ ውጡ፤ በነጻ ይወርድባችኋል።"

እማዬ የጮቄ ሥር ልጅ ናት። ብርድ አትፈራም፤ ብርድ የሚፈራውንም ትንቃለች። ግንቦት ላይ አላስካ ውስጥ ያለችው ጁኖ ከተማ ቀን ቀን 14 ዲግሪ አካባቢ ነው ስላት "ይኸማ ሙቀት ነው" አለች። ለአጎቴ ሃባርድ የሚባለውን የበረዶ ግግር ስልኬ ላይ አሳየሁት። ርዝመቱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባሕሩ ላይ የሚያርፈው ፊቱ ብቻ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ሕንጻ የሚያክል ቁራጭ ተገምሶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ የሚያሳይ ቪዲዮም አለ። መጀመሪያ ሲወድቅ ይታያል፤ ድምፁ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። አጎቴ ደግሞ ደጋግሞ አየው። "ለምን ሰማያዊ ሆነ?" አለ። ተጭኖ የጠጠረ በረዶ ቀዩን ብርሃን ውጦ ሰማያዊውን ያስቀራል አልኩት። አላመነኝም፤ ፈረንጅ ቀለም ቀብቶታል ባይ ነው።

እማዬ የጠየቀችው ግን "ታዲያ አያልቅም?" ብላ ነው። ያልቃል። ግሌሸር ቤይ የሚባለው ቦታ እ.ኤ.አ. በ1794 እንግሊዞች በመርከብ ሲያልፉ ዛሬ ባሕረ ሰላጤ የሆነው ሁሉ በበረዶ የተሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 በረዶው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዳንግላን አልፎ ወደ እንጅባራ ማለት ነው አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ "እንግዲያው ቶሎ ነው መሄድ" ብላ ጉባኤውን ዘጋችው። አጎቴ ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቶ ወጣ።

ግሌሸር ቤይን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ፓርክ በቀን ከሁለት በላይ ትልልቅ መርከቦችን አያስገባም። ስለዚህ "አላስካ" ተብሎ የሚሸጥ ጉዞ ሁሉ እዚያ አይገባም። ትኬት ከመቁረጥ በፊት የጉዞውን ዝርዝር ማየት ነው፤ ሃባርድ፣ ግሌሸር ቤይ ወይስ ሌላ። የሚገቡት ላይ የፓርኩ ሠራተኞች ይሳፈሩና በድምፅ ማጉያ ያስረዳሉ፤ መውረድ ግን የለም። እኔ የያዝኩት የሚገባውን ነው።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ። ጾም።

እኔ ሐምሌን ነበር ያሰብኩት፤ የልጄ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ዓሣ ነባሪውም ይበዛል። እማዬ ቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አውርዳ መነጽሯን አደረገች። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመሐል ያለው ጥቂት ሳምንት ነው፤ እሱም ረቡዕና ዓርብ አለበት። "በዚያ ላይ ክረምት ነው፣ ዝናብ ነው" አለች። ዝናቡ የእኛ ነው እንጂ የእነሱ አይደለም ልላት ብዬ ተውኩት፤ እዚያም ቢሆን ወደ መስከረም ሲጠጋ ዝናቡ ይበረታል። ጣቷን በዓለ ኃምሳ ላይ አሳረፈች። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም፤ ረቡዕም ዓርብም ይበላል። ግንቦት ማለቷ ነው።

ሆቴል ተመልሼ ሳየው ግንቦት በዚያ ጠረፍ ዝናብ ከሚቀንስባቸው ወራት አንዱ ነው። የክፍል ዋጋም ከሐምሌው በደንብ ይቀንሳል። ዓሣ ነባሪዎቹ ክረምቱን ከሚያሳልፉበት ከሃዋይ መመለስ የሚጀምሩት በጸደይ ነው። አንድ ጉድለት አለው፤ በወቅቱ መጀመሪያ ላይ አንዳንዱ ጠባብ የባሕር ክንድ ገና በተንሳፋፊ በረዶ ስለሚሞላ መርከቡ እስከ ግንቡ ላይጠጋ ይችላል። የልጄን ትምህርት ቤት አስፈቅዳለሁ። ግንቦት አጋማሽ ሆነ። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው ስላት ግን እማዬ ከልቧ ተጨነቀች። "ታዲያ ሰው መቼ ይተኛል?"

መርከብ ላይ ወጥታ አታውቅም። ስለዚህ በጣና እንሞክራት አልኩ። ዘጌ ደርሶ መልስ።

የጀልባው ደላላ ገና ከሩቅ ጫማዬን አይቶ ዋጋ አወጣልኝ። ስምንት ሺህ ብር። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ለፊቱ ቆመችና "አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?" አለችው። አራት ሺህ ገባ። ስንመለስ ግን "የቆማችሁበት ለብቻ ነው" ብሎ አንድ ሺህ ጨመረብን። በዚያን ሰዓት እማዬ ለክርክር አቅም አልነበራትም፤ እሱም አይቶታል። ከዚህ ሁሉ ጉዞ የከፋኝ ይህች አንድ ሺህ ናት። ሲያትል ለመኪና ማቆሚያ ከዚህ በላይ ከፍዬ ቅር አይለኝም። እዚህ ግን ደሜ ይፈላል።

ሲሄዱ ውኃው ጠፍጣፋ ነበር። ታንኳ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አለፍን። ዘጌ ላይ በቡና ጫካው ውስጥ ወደ ገዳሙ ወጣን፤ እማዬ ተሳለመች፣ እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አንገቴ እስኪደነዝዝ አየሁ። ቡና ጠጣን። ሰዓቱ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ጣና ከዳር ሲያዩት የዋህ ይመስላል። ጀልባዋ ማዕበሉን ስትመታ ወገብ ይሰብራል። እማዬ ፊቷ ሲገረጣ አየሁ፤ ቀጥሎ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ጀርባዋን ከመደባበስ በቀር የማውቀው ነገር የለም። የጀልባው ረዳት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ወደ እኛ መጣ። "እማማ፣ ከፊት አይቀመጡ፤ ወደዚህ ይምጡ" ብሎ ደግፎ ከኋላ ወደ መሐል አስቀመጣት። ዓይኗን ከውኃው አንሥታ የባሕር ዳርን ዳርቻ እንድታይ ነገራት። ከኪሱ ሎሚ አወጣ፣ በጥርሱ ላጥ አድርጎ አሸተታት። እስክንደርስ ድረስ እጇን ይዞ ተቀመጠ። ጉርሻ ስሰጠው አልቀበልም አለ፤ እማዬ ኪሱ ውስጥ በግድ ከተተችለት፤ መረቀችው። ደላላው ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያይ ነበር።

ማታ "ታመምሽ እንዴ?" ብላት "ቡናው ነው፤ ዘጌዎች ያከሩታል" አለች።

ትልቁ መርከብ ሦስት ሺህ ሰው ይይዛል፤ ጎንና ጎኑ ላይ ማዕበሉን የሚያረጋጋ ክንፍ አለው። ከጀልባ ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም መነሻውን ያስቀየረኝ ያ ከሰዓት ነው። ከሲያትል የሚነሡት መርከቦች ብዙዎቹ ከካናዳው ቫንኩቨር ደሴት በስተ ምዕራብ፣ በክፍቱ ውቅያኖስ ነው የሚወጡት። ከቫንኩቨር ከተማ የሚነሡት ግን በደሴቱና በየብሱ መሐል ባለው በተከለለ ውኃ ይሄዳሉ። ከቤቴ ቫንኩቨር በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። እስከ ዛሬ ቤቴ ደጃፍ ያለውን ወደብ ትቼ ሌላ አገር የምሄድበት ምክንያት አልታየኝም ነበር።

የካናዳ ቪዛውስ? እሱ ከየትም ብንነሣ አይቀርልንም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጣችው ሕግ አለ። የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ የሌላ አገር ወደብ ሳይነካ ተሳፋሪውን መመለስ አይችልም። ትልልቆቹ መርከቦች ደግሞ የሚያውለበልቡት አብዛኛውን ጊዜ የሌላ አገር ባንዲራ ነው። ስለዚህ ከሲያትል ከሚነሡትም ብዙዎቹ ካናዳ ቪክቶሪያ ላይ ለጥቂት ሰዓት ቆመው ያልፋሉ። የአሜሪካ ፓስፖርት ላለው ይህ አይታየውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ለዚያች ጥቂት ሰዓት የካናዳ ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካው ቪዛም ደጋግሞ የሚያስገባ ቢሆን ይሻላል፤ ከካናዳ ተመልሶ መግባት አለና። እማዬ ለልጄ ክርስትና ስትመጣ ያገኘችው ቪዛ ደጋግሞ ያስገባል፤ ጊዜውም አላለፈም። እሱን አይቼ ተነፈስኩ።

የካናዳውን ማመልከቻ ወንድሜ ቤት ስንሞላ አመሸን። ኢንተርኔቱ እየተቆረጠ ሁለቴ ከመጀመሪያው ጀመርን። የልጆቿን የልደት ቀን ሲጠይቅ እማዬ "አንቺ የጊዮርጊስ ዕለት፣ እሱ የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ" አለች። ሥራ የሚለው ላይ ወንድሜ "የቤት እመቤት" ሊጽፍ ሲል ጮኸችበት። ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ እህል የሸጠች ሴት ናት። "ነጋዴ በል!" ነጋዴ አልን። ክፍያው 100 የካናዳ ዶላር ነው፤ ለአሻራ ሌላ 85። አሻራው አዲስ አበባ ነው የሚሰጠው፤ ሌላ ትኬት፣ ሌላ ማደሪያ።

ወንድሜ ካርታውን ሲያገላብጥ ጁኖ ላይ ቆመ። የአላስካ ዋና ከተማ ናት፤ ከሌላው አገር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ ግን የላትም። በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ነው የሚገባው። "ታዲያ እነሱንም በአየር ሂዱ ይሏቸዋል በይኛ" አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

መያዣ ከፍያለሁ። ቀሪው ከመነሻው 90 ቀን በፊት መከፈል አለበት፤ ወደ የካቲት አጋማሽ። ቪዛው እስከዚያ ካልመጣ መያዣዬን ተቀብዬ ለከርሞ ማለት ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ዋጋ ላይ በየቀኑ የሚታሰብ ጉርሻ ይጨመራል። ኢንተርኔቱ ለብቻ ነው። ሄሊኮፕተር በረዶው ላይ ያወርዳል፤ ዋጋውን ለእማዬ ስነግራት አማተበች። በአውቶቡስ ሜንደንሆል የሚባለውን ግግር እናያለን፤ ከጁኖ ቅርብ ነው።

ያልተስማማንበት በርበሬው ነው። እቤት የተሠራ ምግብ መርከቡ ላይ አይገባም፤ ታሽጎ የተገዛ ከሆነ ያልፋል። እማዬ ይህን ስትሰማ ጉዞውን ልትተወው ምንም አልቀራት። ሌላ ሰው ያበሰለውን ሳምንት ሙሉ፣ ያለ በርበሬ? ከሱፐርማርኬት የታሸገ እንገዛለን ስላት ይባስ ብላ ተቆጣች። ወንድሜ የራሷን በርበሬ ሱቅ ወስዶ በላስቲክ ሊያሳሽግላት፣ ስምና ቀን ሊያስለጥፍበት ቃል ገብቷል። እኔ መልስ አልሰጠሁም። ስወጣ ቃሪያና ዝንጅብሉ ደጅ ላይ ተሰጥቶ ነበር።