የጾም ዘይት የጠጣ መጋዝ

ከፒያሳ ጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ አቮካዶ አለ። ፍሬውን ለእኛ፣ ቅርንጫፉን ለጎረቤት የሚሰጥ ዛፍ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታችን ጋሼ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉና «አንተ ልጅ፣ ይቺ ቅርንጫፍ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮዬን ስትፍቅ እያደረች እንቅልፍ ነሳችኝ» አሉኝ።

«ምን ችግር አለው ጋሼ! አምስት ደቂቃ!»

እንዲህ ያስፎከረኝ አልጋዬ ስር ያለው ባለ ባትሪ መጋዝ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣልኝ፣ ባለ 36 ቮልት፣ ነዳጅ የማይል፣ ገመድ የማይጎተትለት። ሳጥኑን ስከፍተው የፓስቲ ቤት ሽታ ፊቴን መታኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባትሪ ከሆነ ዘይት ምን ያደርግለታል ብዬ ነበር። እውነትም እንደ ቤንዚኑ መጋዝ ከነዳጅ ጋር የሚቀላቀል ዘይት የለውም። ሰንሰለቱ ግን ያው ሰንሰለት ነው፤ ብረት በብረት ላይ ሲሮጥ ካልራሰ ይግላል፣ ይበላል። ለዚያ ብቻ የሚሆን ዘይት የሚቀዳበት ትንሽ ቋት ጎኑ ላይ አለው። ይህ የገባኝ ባለፈው ፍልሰታ ነው፤ ሱቅ መውረድ ሰንፌ ከእማዬ የወጥ ዘይት ቀዳሁለት። የዚያን ቀን እንደ ቅቤ ቆረጠ። ከዚያ አልጋ ስር ወረወርኩትና ረሳሁት። የምግብ ዘይት ሲከርም ምን እንደሚሆን ሳይታጠብ የሰነበተ መጥበሻ ያየ ያውቃል። ሙጫ!

መጀመሪያ ባትሪውን ነቀልኩ። (በዚህ ታሪክ ውስጥ በትክክል ያደረግኩት ይህንኑ ብቻ ነው።) ዳዶዎቹን ፈትቼ ሽፋኑን ሳነሳ ሰጋቱራው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ቁርጥ የበሶ ጭብጦ ሆኗል። እየፈለፈልኩ ካርቶን ላይ ደረደርኩት። የተከራዮቹ ትንሽ ልጅ ከየት እንደመጣች ሳላያት አንዱን አንስታ አፏ ጋ አድርሳዋለች። «አይበላም!» ብዬ ስጮህ «ስስታም» ብላኝ ሄደች።

ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት፣ የምላሱን ቦይ በሽቦ ጠረግኩ፤ ምስር የማያክለውን የዘይት መውጫ ቀዳዳ በስንጥር ከፈትኩ። ውሃ ስለማይነካው የቀረውን በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩት። ብሩሹ አሮጌ መስሎኝ ነበር። እህቴ እስካሁን አታውቅም፤ ይህን ካላነበበች።

ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝ አጥቤ መልሼ ገጠምኩና ቅርንጫፏ ላይ ጣልኩት። ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጭስ ይተፋል፤ መቁረጥ ግን የለም። ቅርፊቱ ላይ ጥቁር መስመር ብቻ። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሲያዩ ቆዩና «እየቆረጥካት ነው ወይስ እያጠንካት?» አሉኝ።

ለካ ሰንሰለቱን ገልብጬ ገጥሜዋለሁ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጢ ነበሩ፤ መነጽራቸውን አድርገው አንዴ ሲያዩት ገባቸው። «ከላይ በኩል ያለው ጥርስ ወደ አፍንጫው፣ ወደ ምላሱ ጫፍ ነው ማየት ያለበት። ያንተ ወደ ራስህ እያየ ነው፤ ባለቤቱን እየታዘበ።» አዙረው ገጠሙት። መሃል ላይ በጣታቸው ሳብ አደረጉት፤ ትንሽ ከፍ ይበል እንጂ ከቦዩ መውጣት የለበትም አሉ፤ በእጅ ሲጎትቱትም ሳያንቅ መሄድ አለበት። ከዚያ ባለ 4 ሚሊ ክብ ሞረድ አምጥተው ጥርሱን አንድ በአንድ፣ ወደ ፊት ብቻ እየገፉ ሞረዱት። እኔን ደግሞ የሰንሰለት ዘይት ግዛ ብለው ላኩኝ።

ገዝቼ ሞላሁ። «አሁን አፍንጫውን ወደ ካርቶን አስጠግተህ አስነሳው፤ የዘይት መስመር ከረጨ ይጠጣል ማለት ነው» አሉኝ። ካርቶኑን ከነጭብጦው አራግፌ ግድግዳው ጋ አቆምኩና አስነሳሁት። መስመር? እንዴት ያለ መስመር! ከካርቶኑ አልፎ፣ ከላይ የልብስ ገመዱ ድረስ። ገመዱ ላይ ምን እንደተሰጣ ቀና ብዬ አላየሁማ።

እማዬ ለነገ ቅዳሴ ያጠበችውን ነጠላ በሁለት እጇ ዘርግታ ቆመች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ቡናማ መስመር። ጋሼን አየች፣ እኔን አየች።

«ጥለት አወጣህልኝ?»

መልስ ስፈልግ ባትሪው አለቀ። ሮጬ ቻርጀር ላይ ስሰካው መብራት የለም።

ጋሼ ምንም ሳይሉ ወደ ቤታቸው ገቡ። ያቺን እጀታዋ በጨርቅ የታሰረ የእጅ መጋዛቸውን ይዘው ተመለሱና ቅርንጫፏን ያዟት። ሰዓቴን አየሁ። አምስት ደቂቃ አልሞላም።