የረር ተራራን ሦስት ጊዜ አየሁት

ከባሕር ዳር በጠዋቱ በረራ ነው የመጣሁት። ለማረፍ ዝቅ ማለት ጀምረን ነበር፤ አውሮፕላኑ መልሶ ቀና አለና መዞር ያዘ። የረር ተራራ በመስኮቴ አለፈ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና መጣ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ምን ሆነን ነው?» አሉኝ።

አብራሪው ነገረን። ሌላ አውሮፕላን ውስጥ በጠና የታመመ ሰው ስላለ እሱ ይቀድማል። «እኛ ደህና ነን እማማ፣ መንገድ ለቀን ነው» አልኳቸው።

«እመብርሃን ትድረስለት» አሉና ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

ጠዋት ቦሌ ይጨናነቃል። ያም ሆኖ ጭንቅ የገባው አብራሪ «ሜይዴይ» ብሎ ሦስት ጊዜ ከተጣራ ተራ የሚባል ነገር ይቀራል። 7700 የሚለውን ቁጥር ሲያስገባ ከተቆጣጣሪዎቹ ራዳር ላይ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ይታያል። አየር ላይ ያሉት እንዲዞሩ፣ ለመነሳት የተሰለፉት ባሉበት እንዲቆሙ ይታዘዛሉ። የእሳት አደጋ መኪኖችና አምቡላንስ ወጥተው ይጠብቁታል። ቦሌ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ማኮብኮቢያዎች ስላሉት አንዱ ቢዘጋ ሌላው አለ።

ግን መጣራት ያስፈልጋል። የኮሎምቢያው አየር መንገድ የአቪያንካ አውሮፕላን ታሪክ ካነበብኩት ወዲህ ከልቤ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1990 ኒው ዮርክ ለማረፍ ተራ ሲጠብቅ ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ ዞረ። አብራሪዎቹ ነዳጅ እያለቀብን ነው ብለዋል። «ሜይዴይ» የሚለው ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም። ተቆጣጣሪዎቹም የጭንቁን ልክ አልተረዱትም። ነዳጁ አለቀ፣ 73 ሰው ሞተ። አንድ ቃል እኮ ነው!

አረፍን። እማማ ለገሃር እህታቸው ጋ ስለሚሄዱ አንድ ታክሲ ያዝን። የቦሌ መንገድ ተዘጋግቷል። ኦሎምፒያ አካባቢ ስንደርስ ከኋላችን አምቡላንስ መጮህ ጀመረ። ያ በሽተኛ ይሆን? ሆዴ ተላወሰ። ሹፌራችን ግራና ቀኝ አየ፤ መውጫ የለውም። ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ንቅንቅ አይልም።

እማማ መስኮቱን ዝቅ አድርገው እስከ ክንዳቸው ወጡ።

«ልቀቁለት! ሰው ይዟል! ሰው ይዟል እኮ!»

የሚኒባሱ ረዳት ዞር ብሎ አያቸው። የመኪናውን ጎን በመዳፉ ደበደበ። ሚኒባሱ ሁለት ጎማውን የእግረኛ መንገድ ላይ አወጣ፣ ከፊቱ ያለውም ተከተለው፣ እኛም ጥጋችንን ያዝን። አምቡላንሱ በመሃላችን አልፎ ወደ መስቀል አደባባይ ወረደ።