«አጽዱት» ያልኩ ሌሊት

ሰው «አሜሪካ ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ «አትክልተኛ ነኝ» እላለሁ። ጎንደር ላይ ይህን ስናገር የጠያቂው ፊት ትንሽ ይቀዘቅዛል። ባለፈው በከተራ ማታ ቤት ስገባ አጎቴ «ታዲያ ውሃ ለማጠጣት ነው ያን ሁሉ ውሃ የተሻገርከው?» ብሎኝ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ይባላል።

የምሠራው ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ካሉት መዝናኛ ፓርኮች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ይለፈኝ፤ እንጀራዬ ነው። እኛ የምንገባው ሕዝቡ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ነው። የጠወለገው አበባ ሌሊቱን ተነቅሎ ያበበ ይተካል። ጠዋት የሚገባ ልጅ እዚያ ግቢ ውስጥ የሚሞት ነገር ማየት የለበትም። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉን እየነካካሁ ነበር የምሄደው። ድንጋዩ ፋይበርግላስ፣ ተራራው በሽቦ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ፣ ዝገቱ ቀለም። ፋሲል ግንቡን ካሠራበት ከተማ ለመጣ ሰው የሚያስቅ ነው። ሲነኩት ያው ራሱ ሆኖ የሚገኘው ዛፉ ብቻ ነበር።

ላይቭ ኦክ ይሉታል፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስለሚቆይ ነው «ሕያው» ያሉት። ቁመቱ አያስደንቅም፤ የሚያስደንቀው ስፋቱ ነው። ቅርንጫፉ ወደ ጎን እየተለጠጠ ሄዶ ክርኑን መሬት ሊያስደግፍ ይደርሳል፤ ከላዩም እንደ ሽማግሌ ጺም ያለ ግራጫ ነገር ይንጠለጠልበታል። ጎንደሬ የሆናችሁ ጃንተከል ዋርካን አስቡ። በእኛ ክፍል አደባባይ ላይ 9 ነበሩ።

ምሳ የምንበላው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ፣ አንድ የሄይቲ ሰው እና ሁለት ፖርቶሪኮዎች፣ ከትልቁ ኦክ ሥር። በእነሱ በጋ በዚያ ሰዓት ጎንደር ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ ለቤት የምደውለው ሁልጊዜ ከዚያው ነበር። እማዬ ከበስተጀርባዬ የእንቁራሪቱን ጩኸት እየሰማች «ወንዝ ዳር ነህ እንዴ?» ትለኛለች። ልጄ መወለዷን የነገርኳት እዚያ ተቀምጬ ነው። አባቴ መታመሙን የሰማሁትም እዚያው ነው።

ታዲያ አንድ ምሽት ስንገባ ዘጠኙም ግንዶች ላይ ሮዝ ቀለም ተረጭቶባቸዋል። ሱፐርቫይዘራችን የሚቆረጡበትን ምክንያት ከወረቀት አነበበልን። ሥሩ የመሬቱን ንጣፍ እያነሳ የሕፃናት ጋሪና ዊልቸር ያደናቅፋል፤ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ያሰጋል፤ አደባባዩ ለሰልፍና ለርችት ተመልካች ጠቧል። የመጀመሪያው እውነት ነው። ስንቱን የተፈነቀለ ጡብ አንስቼ መልሼ ደልድያለሁ። ሁለተኛው ግን ለአትክልተኛ የሚነገር አይደለም። ነፋስን በመቋቋም ላይቭ ኦክን የሚስተካከል ዛፍ ፍሎሪዳ ውስጥ ጥቂት ነው። በ2022 ኢየን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲያልፍ ከዘጠኙ አንዱንም አልጣለብንም። ዋናው ሦስተኛው ነው። ሰው አሁን ርችት የሚያየው በስልኩ ነው፤ በቪዲዮው ውስጥ ቅርንጫፍ ሲገባበት አይወድም።

ማዛወር ይቻል ነበር? ይቻላል። እዚያው ኦርላንዶ አጠገብ ማጂክ ኪንግደም በሚባለው የዲዝኒ ፓርክ ውስጥ ሊበርቲ ኦክ የሚባል ዛፍ አለ። ፓርኩ በ1971 ከመከፈቱ በፊት ከዲዝኒ መሬት ሌላ ጥግ አግኝተውት፣ ከ30 ቶን በላይ የሚመዝነውን ነገር ነቅለው አምጥተው ተከሉት። በገመድ ቢያንጠለጥሉት ልጡ ይላጥ ስለነበር ግንዱን በስተው የብረት ዘንግ አሳለፉበት፤ ክሬኑ ያነሳው በዘንጉ ነው። አሁን 13 ፋኖስ ተንጠልጥሎበታል፤ ለ13ቱ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ነው። አንድ የዕረፍት ቀኔ ልጄን ይዤ ሄጄ እሷ ልዕልቶቹን ስትፈልግ እኔ የተበሳበትን ጠባሳ ስፈልግ ዋልኩ። አላገኘሁትም። ልጄ «ዳዲ ዛፉን ነው ሊጎበኝ የመጣው» ብላ ለእናቷ ከሰሰችኝ።

የእኛን ለማዛወር ግን ማንም ዋጋ እንኳ አልጠየቀም።

ሦስት ሌሊት ፈጀ። መጋዙን የያዙት የኮንትራት ሰዎች ነበሩ፤ የእኛ ሥራ ቅርንጫፉን እየጎተትን ለሚፈጨው ማሽን ማጉረስ ነበር። ሄይቲያዊው ጓደኛዬ ብዙ ወሬ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን ሌሊት ጭራሽ አልተናገረም። ትልቁ ከወደቀ በኋላ የእጅ ባትሪዬን አብርቼ ዕድሜውን ለማወቅ የግንዱን ቀለበት ልቆጥር ተንበረከክሁ። የላይቭ ኦክ ቀለበት እንደ ጥድ ቁልጭ ብሎ አይታይም፤ ደብዛዛ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ 41 ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ገና ግማሹንም አላጋመስኩም ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የጉቶ መፍጫው መጣና ተነስ አሉኝ።

በምትካቸው 9 ዘንባባ በትልልቅ የሲሚንቶ ሣጥን ተተከለ። የሠራተኞች ሰሌዳ ላይ «አንድም ዛፍ አልቀነስንም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ቆጠራው ልክ ነው፤ 9 ነበሩ፣ 9 ናቸው። ሐምሌ ላይ ግን አንድ ቀን በቀን ሺፍት ገብቼ እንግዳው የዘንባባዋን ግንድ ጥላ ተከትሎ በአንድ መስመር ተሰልፎ አየሁት። ጥላዋ የሰው ትከሻ ብትሰፋ ነው። ፀሐይዋ ስትዞር ጥላዋም ትዞራለች፤ አያትም ሕፃንም አብረው እየተንፏቀቁ ይዞራሉ።

ይህን በሆዴ ይዤ ነው ጎንደር የገባሁት። ጥር 11 ገና ጎህ ሳይቀድ ፋሲል መዋኛ ደረስን። ከውሃው ይልቅ ዓይኔ የሄደው ወደ አጥሩ ነው። ልጅ ሆኜ የማውቃቸው ሥሮች አሁንም በግንቡ ላይ እንደ ጣት ተዘርግተው ድንጋዩን ጨብጠውታል። እንደ አትክልተኛ ካያችሁት ሥሩ ድንጋዩን እየፈለቀቀው ነው። ትንሽ ቆይታችሁ ካያችሁት ደግሞ ሥሩ ቢነሳ የሚናደው ግንብ አለ። ሮዝ ቀለም የሚረጭ ሰው እዚህ ቢመጣ የቱ ላይ እንደሚረጭ ግራ ይገባው ነበር። ጸሎቱ አልቆ ውሃው እንደተባረከ ልጆቹ ከዛፎቹ ላይ እየዘለሉ ገቡ፤ ከአንዱ ቅርንጫፍ ብቻ 12 ስቆጥር አጎቴ «ጠበል አትረጭም እንዴ?» ብሎ ጎተተኝ።

የገባሁት ማታ ስለነበር ግቢያችንን በብርሃን ያየሁት ከዚያ ስመለስ ነው። ጓሮ ያለው ወይራ የለም። አባቴ ልጅ ሆኖ ትልቅ ሆኖ ያገኘው ወይራ። በቦታው አራት ክፍል ሰርቪስ ተደርድሯል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራይተውታል። ሰርቪሱን አውቀዋለሁ፤ ብሩን የላክሁት እኔ ነኝ።

«ወይራውስ?» አልኩት ታናሽ ወንድሜን።

ግራ ገባው። «ጋሼ፣ አንተ አይደለህ እንዴ አጽዱት ያልከኝ?»

ብያለሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ነው፣ ከኦኩ ሥር ተደግፌ ሳንድዊች እየበላሁ። ኦኮቹ ገና አልተቆረጡም፤ ቀለሙም አልተረጨም። ወንድሜ «ብሩ ደርሷል፣ ቦታው ግን ትንሽ መጽዳት አለበት» አለኝ። የምሳ ሰዓቴ እያለቀ ስለነበር ምን እንደሚጸዳ አልጠየቅሁም። «አጽዱት» ብዬ ዘጋሁት።

ወንድሜ ፊቴን አይቶ ወደ አጥሩ ወሰደኝ። አምስት የግራቪሊያ ችግኝ ተክሏል። «በአንድ አምስት ተካሁልህ፣ ቶሎ ነው የሚያድጉት» አለኝ፤ ደስ እንዲለኝ ብሎ። «ጥሩ አድርገሃል» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? የክፍሎቹ ኪራይ እናታችንን ያኖራል፤ እሱንም ያኖራል።

እማዬን ብቻዋን ሳገኛት «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምን ብዬ? ልጄ ቤት ሲሠራልኝ ዛፍ ልቁጠር?»

ከዚያ ጠላ ቀዳችልኝ። በግራዋ የታጠበ፣ በወይራ የታጠነ ጋን ጠላ ነው፤ ጭሱ ከአፌ በፊት አፍንጫዬ ገባ። 11 ዓመት ያልቀመስኩት ሽታ። ከየት አመጣሽው ስላት ከበሩ ጀርባ ያለውን ጆንያ በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ፤ ስባሪ ስባሪ የወይራ እንጨት፣ ከታች ሩብ ያህል ቀርቶታል። ሲቆረጥ አስፈልጣ ያስቀመጠችው ነው፤ በቁጥር ነው የምታወጣው።

«ለፋሲካ ያደርሰኛል» አለች። «ከዚያ ወዲያ እንግዲህ ከቅዳሜ ገበያ ነው።»

«ገንዘቡን እልክልሻለሁ» ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ ጣሳውን አንስቼ ጠጣሁ።